ሃይላይት ያጎሳቆለው ፀጉር ምን ይሻለዋል?

የጥር ሠርግ ካለፈ በኋላ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ይመሳሰላሉ። ሙሽራዋም፣ ሚዜዋም፣ የሙሽራዋ እህትም ለአንድ ቀን ብለው ፀጉራቸውን ሃይላይት ይሠራሉ። የካቲት ላይ ደግሞ «ምን ላድርግ?» ብለው ይጽፉልኛል። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ሙሉውን ለቀለምና ለሃይላይት ሰጥቼዋለሁ። ለአዲስ አንባቢዎች፦ እኔ ደሴ ላይ ፀጉር ቤት ያለኝ ባለሙያ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የራስ ቆዳው የቆሰለ፣ ያበጠ ወይም ቦታ ቦታውን የተመለጠ ሰው ከእኔ በፊት የቆዳ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ ለእህቴ ሠርግ ብዬ ፀጉሬን በሙሉ ሃይላይት ተሠራሁ። ጥቁርና ወፍራም ነበር። መጀመሪያ ብርቱካናማ ሆኖ ወጣ። ባለሙያዋ «ገና አልደረሰም» ብላ በዚያው ቀን ደገመችው። ሠርጉ ላይ ሁሉም አድንቆልኛል። አሁን ግን ሲረጥብ ይሳባል፣ ሳበጥረው ይበጠሳል፣ ሲደርቅ ይንኮሻኮሻል። ጠዋት ትራሴ ላይ ስብርባሪ አገኛለሁ። መላጣ ልሆን ነው? ጥቁር ቀለም ልመልስበት? የሚያድን ትሪትመንት ካለ ተበድሬም ቢሆን እገዛለሁ። *(ከኮምቦልቻ)*

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። መላጣ አትሆኚም። ብድሩንም ተይው።

መጀመሪያ የሚወድቀው ፀጉር የትኛው እንደሆነ እንለይ። ትራስሽ ላይ ካገኘሽው አንድ ዘለላ አንሺና መስኮት አጠገብ ጥቁር ጨርቅ ላይ አጋድሚው። አንደኛው ጫፍ ላይ ትንሽ ነጭ እብጠት ካለች ፀጉሩ ከሥሩ የተነቀለ ነው። እንዲህ ያለው ጤነኛ ሰው ላይም በቀን ከ50 እስከ 100 ይረግፋል፤ አያስደነግጥም። ሁለቱም ጫፍ ባዶ ከሆነና ቁመቱም አጭር ከሆነ ግን መሀል ላይ የተሰበረ ነው። «ስብርባሪ» ስላልሽኝ ያንቺ ይኼኛው ይመስለኛል። ይህ ማለት ሥሩ ደህና ነው። ከሥር የሚወጣው አዲሱ ፀጉር እንደ ድሮው ጥቁርና ወፍራም ሆኖ ይመጣል።

አሁን ከባዱን ልንገርሽ። የተጎዳውን ክፍል የሚያድን ትሪትመንት የለም። ፀጉር ከቆዳ ከወጣ በኋላ ሕይወት የለውም። ስትቆርጪው የማያምሽ ለዚህ ነው። ቁስል ይሽራል፤ የተበጠሰ ፀጉር ግን ራሱን አይጠግንም። ጥሩ ዕቃ ይሸፍነዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ መሰበሩን ይቀንስልሻል። ይኼም ትልቅ ነገር ነው። ግን በብድር ብር ድኖ የሚመለስ ፀጉር እንዳትጠብቂ።

ምን እንደሆነ ስታውቂ ምን መተው እንዳለብሽም ይገባሻል። የፀጉር ላይኛው ክፍል ልክ እንደ ሣር ቤት ክዳን አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረበ ስስ ሽፋን ነው። ጥቁር ቀለማችን ያለው ከሽፋኑ ሥር፣ ውስጥ ነው። ሃይላይት ሲሠራ የማንጫው ዱቄት ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ይለወሳል። ውሁዱ ሽፋኑን ከፍቶ ይገባና ጥቁሩን ቀለም ያፈርሰዋል። የእኛ ፀጉር መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቢጫ ይሆናል። ብርቱካናማ መውጣቱ እንግዲህ ስህተት አልነበረም፤ መንገዱ እኩሌታ ላይ መድረሱ ነበር። በዚያው ቀን መደገሙ ነው የጎዳሽ። ኬሚካሉ ቀለሙን ብቻ መርጦ አይበላም። ፀጉሩን ይዞ ያቆመውን የሰልፈር ትስስርም ይበጥሳል። በተለመደ ማንጣት ከትስስሩ ከ15 እስከ 25 በመቶ ያህሉ ይጎዳል። ሲበዛበት ደግሞ እስከ 45 በመቶ ይደርሳል። ፀጉርሽ ሲረጥብ ተስቦ የማይመለሰው ለዚህ ነው። የተፈጥሮ ቅባቱም ከላዩ ስለተነሳ ውሃ ቶሎ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሻክራል።

ከዛሬ ጀምሮ ፒያስትራውን አስቀምጪው። «ትንሽ ብቻ» የሚባል የለም። በተለይ ፀጉርሽ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ የጋለ ብረት ከነካው ውስጡ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ይለወጥና ፀጉሩን ከውስጥ ይቦረቡረዋል። ያ «ጭስስ» የሚለው ድምፅ እሱ ነው። ወራት አልፈው የግድ የሚያስፈልግ ቀን ከመጣ የደረቀ ፀጉር ላይ፣ ሙቀት መከላከያ ተቀብተሽ፣ ከ180 ዲግሪ በታች አድርጊው። ብዙ ፒያስትራ እስከ 230 ይግላል፤ ቁጥሩን ራስሽ እዪው።

አስተጣጠብሽ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው ስብራት የሚመጣው ሲታጠቡና ሲያበጥሩ ነውና። ብዙዎቻችን ሳፋ ላይ ጎንበስ ብለን፣ ፀጉራችንን ወደ ፊት ገልብጠን፣ እንደ ልብስ እያሸን ነው የምንታጠበው። ያንቺ ፀጉር ይህን አይችልም። ከመታጠብሽ በፊት በጣትሽ ፍቺና አራት ቦታ ላላ አድርገሽ ጎንጉኚው። ቀጥ ብለሽ ቆመሽ ወይም ተቀምጠሽ ለብ ያለ ውሃ በጆግ ከላይ ወደ ታች አፍስሺ። ሻምፖው የራስ ቆዳሽን ብቻ ይንካ። አረፋው ሲወርድ ጫፉን ያጥበዋል፤ ጫፉን ማሸት አያስፈልግም። ሰልፌት የሌለው ሻምፖ ካገኘሽ ጥሩ ነው። ካላገኘሽ ያለውን በውሃ አቅጥኚው።

ሻምፖው በደንብ ሲለቅ ኮንዲሽነር ከመሀል እስከ ጫፍ ቀቢና አምስት ደቂቃ ያህል ቆዪ። ኮንዲሽነር የቅንጦት ዕቃ አይደለም። የተጎዳ ፀጉር አሉታዊ (ኔጋቲቭ) የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል፣ ኮንዲሽነር ውስጥ ያለው ዋናው ነገር ደግሞ አዎንታዊ (ፖዘቲቭ) ነው፤ ሁለቱ ይሳሳባሉ። ስለዚህ በጣም የተጎዳው ቦታ ላይ በብዛት ይጣበቃል። ኮንዲሽነሩ ሳይታጠብ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምሪ። ጫፉ ሲፈታ ጣት ያህል ከፍ በይ፣ ያ ሲፈታ ደግሞ ከፍ በይ። አንድ እጅሽ ከሥር ይዞት ይቆይ፤ ጉተታው ወደ ሥሩ እንዳይደርስ። ቋጠሮ ካጋጠመሽ ማበጠሪያውን አስቀምጪና በጣትሽ ፍቺው። ሲያልቅ ፎጣ አታሽበት፤ አሮጌ የጥጥ ካኔቴራ ጠቅልይበትና ጨመቅ ጨመቅ አድርጊ። ሁለት የኮኮናት ዘይት ጠብታ መዳፍሽ ላይ አሽተሽ ጫፉን ንኪ። ከዚያ ላላ አድርገሽ ጎንጉኚና ይድረቅ። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች ፈጥኖ ይደርቅልሻል። ደሴ ያለን ሰዎች ብርዱ ካስቸገረን ካስኩን ዝቅተኛው ሙቀት ላይ አድርገን እንቀመጣለን።

ኬራቲን ያለበት ትሪትመንት በየሦስት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ብትጠቀሚ ይጠቅምሻል። የተበጣጠሰውን ቦታ ለጊዜው ይሞላል፣ መለጠጡንም ይቀንሳል። በየሳምንቱ ካበዛሽው ግን ፀጉርሽ ደርቆ ይገትርና እንደገና ይሰበራል። ደግሞ አደራ፣ ይኼን ከማለስለሻው ኬራቲን ጋር እንዳታምታቺው። ያኛው በጣም በጋለ ፒያስትራ የሚታተም ነው። አንዳንዱም ሲግል ፎርማልዲሃይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። «ኬራቲን ልሥራልሽ» ሲሉሽ «የሚታጠብ ነው ወይስ በፒያስትራ የሚታተም?» ብለሽ ጠይቂ። የሚታተም ከሆነ እምቢ በይ።

ስለ ጥቁር ቀለም፦ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ጠብቂ። ከዚያም አሞኒያና ፐርኦክሳይድ የሌለው፣ በመታጠብ ብዛት የሚለቅ ቀለም ይሁን። እንዲህ የነጣ ፀጉር ላይ ጥቁር ቀጥታ ከተቀባ የደበዘዘ፣ አንዳንዴም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ መልክ ያወጣል፤ ከታች ይዞት የነበረው ቀዩ የለማ። መጀመሪያ ቀላ ያለ ወይም ወርቅማ ቡናማ ይቀባል፣ ከዚያ በላዩ ጥቁር ቡናማው። ደግሞም ከምትፈልጊው አንድ ደረጃ የፈካውን ምረጪ። የተቦረቦረ ፀጉር ቀለም በብዛት ስለሚመጥ ከካርቶኑ ሥዕል የጠቆረ ይወጣል።

መቀሱ ይቀራል። የተሰነጠቀ ጫፍ ካልተቆረጠ ስንጥቁ ወደ ላይ ይወጣል። በየሁለት ወይም ሦስት ወሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል አስነሺ። ፀጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ሃይላይቱ ትከሻሽ ላይ የሚደርስ ከሆነ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ሁለት ዓመትም ሊያልፍ ይችላል። አጭር ፀጉር ካላስጠላሽ አሁኑኑ አንገትሽ ድረስ ብትቆረጪው ግማሹ ችግር ዛሬ ያልቃል። ልጄ ብትሆኚ የምመክርሽ ይኼን ነው። ግን ፀጉሩ ያንቺ ነው፤ ካሳሳሽ በትዕግሥት አቆይተሽ ማሳደግም ይቻላል።

ጥያቄ፦ ፀጉሬን ቀለም ከተቀባሁ ወዲህ ደርቋል። እናቴ «ቀለም ያደረቀውን ቅቤ ያርሰዋል» ትላለች። በየሳምንቱ በለጋ ቅቤ ልትቀባኝ ትፈልጋለች። እኔ ቢሮ እሠራለሁ፣ ሽታው ያሳቅቀኛል። እናቴንም ማስቀየም አልፈልግም። ቅቤ በእርግጥ ይጠቅማል? *(ከወልድያ)*

መልስ፦ እናትሽ ያሉት ውሸት አይደለም። ቅቤ ስብ ነው። ፀጉሩን ይሸፍነዋል፣ ፀጉር ከፀጉር ሲፋተግ ያለሰልሰዋል፣ ውሃውም ቶሎ እንዳይተን ይይዘዋል። የእኛ እናቶች ለጋውን ቅቤ ከተወቀጠ አደስ ጋር ለውሰው፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አናት ላይ ጣል ያደርጉታል። ቀስ እያለ ይቀልጥና በሹሩባው መሀል መሀል ይወርዳል። ያ የአደስ ሽታ ለብዙዎቻችን የእናት ሽታ ነው። የሚናቅ ነገር አይደለም።

ልዩነቱ እንዲህ ነው። ያ ፀጉር ቀለምም ማንጫም አይቶ አያውቅም። ሹሩባ ተሠርቶ ሳምንታት ይቆያል፣ በየቀኑ አይበጠርም። ያንቺ ግን ሰኞ ጠዋት ቅቤው ለቆ ንጹሕ መሆን አለበት። ጉዳቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቅቤ ለማስለቀቅ ሁለት ሦስት ጊዜ በጠንካራ ሻምፖ ታሻለሽ፤ ሻምፖው ቅቤውን ብቻ ሳይሆን ቀለሙንና የቀረችውን ቅባት ይዞ ይሄዳል። ሐሙስ ላይ ፀጉርሽ ከበፊቱ ይብስ ይደርቃል። እናትሽም «ቅቤ አነሰው» ይላሉ።

ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት እናትሽ ይቀቡሽ፤ ግን ትንሽ፣ ከመሀል እስከ ጫፍ ብቻ። አናትሽ ላይ አይደረግ። ማታ ወይም እሁድ ጠዋት ስትታጠቢ ውሃ ሳይነካው ደረቁ ፀጉር ላይ ኮንዲሽነር በብዛት ቀቢና እሺው። ስቡን ያላላዋል። ከዚያ አንድ ጊዜ በሻምፖ ይበቃሻል። ቅቤው ለጋ ይሁን፤ የቆየ ከሆነ ሽታው አይለቅም። ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ንጥር ቅቤም ለወጥ ነው እንጂ ለራስ አይሆንም።

ከቅቤ ይልቅ ለቀለም ፀጉር የምመርጠው የኮኮናት ዘይት ነው። ምክንያት አለኝ። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የሕንድ ተመራማሪዎች ጥናት የኮኮናት፣ የሱፍና የማዕድን ዘይትን አወዳድሮ ነበር። ከመታጠብ በፊትም ሆነ በኋላ ሲቀባ ፀጉር የሚያጣውን ፕሮቲን በግልጽ የቀነሰው የኮኮናቱ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ የነጣ ፀጉር ላይ ጭምር። ቅንጣቱ ትንሽና ቀጥ ያለ ስለሆነ ፀጉሩ ውስጥ ይገባል። ሌሎቹ ላዩ ላይ ይቀራሉ። ጥሩነቱ ማታ ተቀብተሽ ጠዋት ብትታጠቢው ሽታው አይከተልሽም። ወልድያም ሆነ ደሴ ብርድ ሲሆን ጠርሙሱ ውስጥ ይረጋል፤ ከ24 ዲግሪ በታች ጠባዩ ነው፣ ተበላሽቶ አይደለም። መዳፍሽ ላይ ስታሺው ይቀልጣል። እሱንም እናትሽ ይቀቡሽ። እናቶች የሚፈልጉት ፀጉራችንን በእጃቸው ይዘው መቀመጥ ጭምር ነው።

ጥያቄ፦ ቀለም ላደረቀው ፀጉር እንቁላልና ማዮኔዝ ጥሩ ነው ይላሉ። ተልባስ? *(ከሐይቅ)*

መልስ፦ እንቁላሉን ብዪው። ፕሮቲኑ ትልቅ ስለሆነ ፀጉር ውስጥ አይገባም፣ በሙቅ ውሃ ስትታጠቢ ደግሞ ይበስልና ፀጉርሽ ላይ ይቀራል። ማዮኔዝ ያው ዘይት ነው፤ ዘይት ከፈለግሽ ዘይት ቀቢ።

ተልባ ግን ጥሩ ነው። አንድ ሲኒ ተልባ በስምንት ሲኒ ውሃ አፍልተሽ ወፈር ሲል ትኩሱን በስስ ጨርቅ አጥልይው። ከቀዘቀዘ እምቢ ይልሻል። እርጥብ ፀጉር ላይ ብትቀቢው ለማበጠር ያቀላል፣ ቅርጹንም ይይዛል። ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ያህል ይቆያል። ሽታው ሲለወጥ ድፊው።

ጥያቄ፦ ቡናማ ቀለም ተቀብቻለሁ። ሒጃብ ስለምለብስ ፀሐይ አይነካኝም። ግን የግንባሬና የጆሮዬ አካባቢ ፀጉር ተሰባብሮ አለቀ። ለምን? *(ከሐርቡ)*

መልስ፦ ሒጃቡ ከፀሐይ መጠበቁ በጣም ጥሩ ነው። ወደ ደጋው ስትወጪ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅምሻል። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጎጂው ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ደሴ ወደ 2500 ሜትር ናት። ፀሐይ የተቀባ ፀጉርን ቀለሙን ያደበዝዘዋል፣ ያደርቀዋልም።

የሚሰብርሽ ከሥር የምታስሪው ነገር ነው። ላስቲክ ያለው የጥጥ ቆብ ከሆነ ቀኑን ሙሉ እዚያው ቦታ ላይ ይፈትጋል። በሳቲን ለውጪው፤ ላስቲኩም ላላ ይበል። ፀጉርሽንም በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ አጥብቀሽ አትቋጥሪ፤ ዛሬ ወደ ታች ከሆነ ነገ ከፍ አድርጊው። ደግሞ ለሱብሒ ተነስተሽ ታጥበሽ እርጥቡን ሸፍነሽ አትውጪ። ፀጉር በጣም የሚደክመው እርጥብ ሳለ ነው፤ ቆዳሽም ታፍኖ ሲውል ያሳክክሻል። ሙሉ የምትታጠቢበትን ሰዓት ወደ ማታ አዙሪው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ሽበቴን በጥቁር ቀለም ስሸፍን ዓመታት ሆኖኛል። አሁን አሁን በተቀባሁ በማግሥቱ ራሴን ያሳክከኛል፣ የዓይኔ ቆብም ያብጣል። ቀለሙን ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ፀጉሬም ጫፉ ደርቆ አለቀ። *(ከደሴ፣ የልጆች አያት)*

መልስ፦ እናቴ፣ ይኼን ደብዳቤ ሳነብ ደንግጫለሁ። እባክዎ ከእንግዲህ እንዳይቀቡ። አንድ ጊዜም ቢሆን።

በአብዛኛው ጥቁር ቀለም ውስጥ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አለ። ሰውነት ለዓመታት ችሎት ቆይቶ አንድ ቀን ሊቆጣ ይችላል። አንዴ ከተቆጣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አይለቅም፤ በየጊዜውም እየባሰ ሊመጣ ይችላል። ካርቶኑን መቀየር አልጠቀመዎትም ያሉኝ አዲሱም ውስጥ ያው ነገር ስላለ ይሆናል። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂዱና የቀለሙን ካርቶን ይዘው ያሳዩ። ፊትዎ በሙሉ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይውሰዱዎት።

«ጥቁር ሂና» የሚባለውንም አይመኑት። ሂና በተፈጥሮው ብርቱካናማ ቀይ ነው። ጥቁር የሚሆነው ሌላ ነገር ሲገባበት ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚገባው ይኸው ፒፒዲ ነው። ንጹሑን ሂና ሐኪምዎ ከፈቀዱልዎት ሽበቱ ላይ ቀይ ይወጣልዎታል። በእኛ አገር ደግሞ ቀይ ሽበት ያላቸው እናት ምን ያህል እንደሚያምርባቸው እርስዎም ያውቁታል።

ለሌሎች ሽበት ለሚሸፍኑ አንባቢዎች፦ ቀለም ከመቀባታችሁ ከ48 ሰዓት በፊት ትንሽ ከጆሮ ጀርባ ሞክሩ፤ ሁልጊዜ የምትቀቡት ቢሆንም እንኳ። ደግሞ በየወሩ ከሥር እስከ ጫፍ አትቀቡ። አዲስ የወጣው ሥሩ ብቻ ነው፤ እሱን ብቻ ቀቡ። ጫፉ የሚደርቀው የተቀባው ደግሞ ደጋግሞ ሲቀባ ነው።

ጥያቄ፦ ሃይላይት የተሠራ ፀጉር ላይ ሪላክሰር መቀባት ይቻላል? *(ከላሊበላ)*

መልስ፦ አይቻልም። ሪላክሰርም የሚሠራው ያንኑ የሰልፈር ትስስር በመበጠስ ነው። ሃይላይቱ በጥሶ የተረፈውን እሱ ይጨርሰዋል። ሪላክሰር ወይም ሃይላይት፤ ሁለቱ አንድ ፀጉር ላይ አይሆኑም።

ጥያቄ፦ ለሁለት ዓመት ሂና ስቀባ ቆይቻለሁ። አሁን ወርቃማ ሃይላይት መሠራት አምሮኛል። ፀጉር ቤት ስሄድ ስለ ሂናው መናገር አለብኝ? *(ከባቲ)*

መልስ፦ አዎ፣ ከመቀመጥሽ በፊት ተናገሪ። ንጹሕ ሂና ከፀጉሩ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ማንጫው ቀዩን በቀላሉ አያነሳውም፤ ወርቃማ ሳይሆን ደማቅ ብርቱካናማ ይወጣልሻል። ከገበያ በፓኬት የሚሸጠው አንዳንዱ ደግሞ የብረት ጨው አለበት። ያ ከፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ይግላል፣ ፀጉሩንም ያቃጥለዋል።

ማወቂያው ቀላል ነው። ከማበጠሪያሽ ላይ የተሰበሰበ ትንሽ ፀጉር ይዘሽ ሂጂ። ባለሙያዋ በብርጭቆ ባለ 20 ቁጥር ፐርኦክሳይድ ላይ ጥቂት የአሞኒያ ጠብታ ጨምራ ያንን ፀጉር ለ30 ደቂቃ ትንከረው። ከሞቀ፣ ከሸተተ ወይም ቀለሙ ባንዴ ከተለወጠ ብረት አለበት፤ ሂናው አድጎ ተቆርጦ እስኪወጣ ማንጣት የለም። ሙከራውን «አያስፈልግም» ካለችሽ ሌላ ፀጉር ቤት ፈልጊ።

ጥያቄ፦ እኔም የፀጉር ባለሙያ ነኝ። ደንበኞች ፎቶ ይዘው መጥተው «ዛሬውኑ እንዲህ አድርጊኝ» ይላሉ። እምቢ ካልኳቸው ጎረቤቴ ዘንድ ይሄዳሉ። ምን ላድርግ? *(ከመርሳ)*

መልስ፦ እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። የቤት ኪራይ አለ፣ የሠራተኛ ደሞዝ አለ። ቢሆንም ጥቁር ፀጉርን ባንድ ቀን ወርቃማ ማድረግ ላይ እምቢ በይ። የሚሰበረው የሰው ፀጉር ነው፤ ያቺ ልጅ ደግሞ ከአንድ ወር በኋላ የምታነሳው የጎረቤትሽን ስም ይሆናል እንጂ ያንቺን አይደለም።

እምቢ ስትዪ ግን ባዶ እጇን አትሸኚያት። ከአንገቷ አካባቢ፣ ከማይታይ ቦታ፣ ትንሽ ፀጉር ያዢና ዓይኗ እያየ ሞክሪው። ሲለጠጥና ሲበጠስ በራሷ እጅ ትያዘው። ብዙዎቹ እዚያው ላይ ሐሳባቸውን ይቀይራሉ። ከዚያ የምትችዪውን ስጪያት፦ ፊቷ አካባቢ ጥቂት ዘለላ፣ ወይም ከጥቁሩ ሁለት ደረጃ ብቻ የፈካ ቡናማ። ለዚህ ባለ 20 ቁጥር ፐርኦክሳይድ ይበቃሻል፤ እሱ 6 በመቶ ነው። 30ው 9 በመቶ፣ 40ው 12 በመቶ ነው። 40ውን ከራስ ቆዳ አጠገብ አታድርሺው፤ ያቃጥላል። በላዩ ላይ ካስክ አትጨምሪበት። ከመጀመርሽ በፊት ደግሞ የውሃ በርሜልሽ ሙሉ መሆኑን እዪ። ማንጫ ፀጉር ላይ እያለ ውሃ ከጠፋ መከራ ነው።

ለራስሽም እዘኚ። የማንጫው ዱቄት ፐርሰልፌት የሚባል ኬሚካል አለበት፤ ሲቦን ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ አስም ሊያስይዝ ይችላል። መስኮት ክፈቺ፣ ዱቄቱን ቀስ ብለሽ ገልብጪ፣ ጓንት አድርጊ። ዱቄቱን በነካሽ ቁጥር የሚያስልሽ ከሆነ ለሐኪም ንገሪ። ወርቃማውን የግድ የምትፈልግ ደንበኛ ካለች በሦስት ቀጠሮ ከፋፍይላት፤ በየመሀሉም ከስድስት ሳምንት ያላነሰ ጊዜ ስጪ። ዋጋውን ለሦስቱም በመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ፤ ቀብድ ከተቀበልሽ ጎረቤትሽ ዘንድ አትሄድም።